ያልተጣሉ ሰዎች ሽምግልና

አንድ ከተማ ሰው ሲያልቅበት አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ፤ ያውም ከዲላ ሳልወጣ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በስልኬ ውስጥ። ከተማው ያለው «ሰባቱ በሮች» የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ነው። ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ። የምታውቁት ደግሞ ታገሱኝ፤ የቀራችሁት ጥቂት ስለሆናችሁ ብዙ ሰው አላስጠብቅም።

ስትገቡ አንድ ሰው ትሆናላችሁ፤ ጦረኛ፣ ሐኪም፣ አስማተኛ፣ የወደዳችሁትን። ስም ታወጣላችሁ፣ ሰይፍና ጋሻ ትሰበስባላችሁ፣ ከዚያ እንደ እናንተው ሌላ ቦታ ስልኩን ይዞ ከተቀመጠ ሰው ጋር ቡድን ሠርታችሁ ጭራቅ ትገድላላችሁ። መጨረሻ የለውም። አንዱን በር ስታልፉ ሌላ በር ይጠብቃችኋል። በሰባት በር የጀመረው ጨዋታ ኋላ ላይ ሠላሳ ምናምን በር ደርሶ ነበር፤ ስሙን ግን ማንም ሊያርመው አልደፈረም።

እኔ እዚያ ውስጥ «እቴጌ ነጎድጓድ» ነበርኩ። ከራስ ቁሯ እስከ ጫማዋ ብረት የለበሰች፣ በግራ እጇ መጥረቢያ የምትወረውር ሴት። እዚህኛው ዓለም ላይ ግን ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ፣ ድምፄ የመስኮቱን መስታወት የማያልፍ ሰው ነኝ። ገዢው አፍሮ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል፤ እኔም አፍሬ በሹክሹክታ እመልሳለሁ፤ ከኋላ የቆመው ሰው ትልቅ ምስጢር ያለ መስሎት አንገቱን ያሰግጋል። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማልችል ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው እወርዳለሁ። በዚህ የተነሳ የዲላን ሰፈሮች ከማዘጋጃ ቤቱ በላይ ሳላውቃቸው አልቀርም።

እቴጌ ነጎድጓድ ግን ትጮኻለች። «ማነው የሚያፈገፍገው! ሐኪም ወደፊት! ተኝተሃል እንዴ?» ብላ ስትጽፍ ማንንም አታፍርም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳለን ጨዋታው እንደ ወረርሽኝ ነበር። ዶርም ውስጥ ሶኬት የሚያዘው በወረፋ ነው። ኢንተርኔቱ የሚሻለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስለነበር፣ ከምሳ በኋላ ሁላችንም እዚያ ግድግዳ ሥር ተደርድረን እናቀረቅራለን። የሚያልፉ መምህራን ለጥናት የተቀመጥን መስሏቸው ይደሰቱብን ነበር። የጨዋታው ገበያ ውስጥ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ስልካችን እንደ ምጣድ ይግልና ይጠፋል። የኛ ቡድን ራሱ ስንት አባል እንዳለው አለቃው አያውቅም ነበር።

ከዚያ ሰው መቅረት ጀመረ።

ብዙዎች «ሌላ ጨዋታ መጥቶበት ነው» ይላሉ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ስላየሁት አልስማማም። መጀመሪያ የጠፉት አዲሶቹ ናቸው። እኛ የቆየነው ከልክ በላይ በርትተን ስለነበር፣ አዲስ የገባ ሰው የእንጨት ሰይፉን ይዞ ገና «ሰላም ናችሁ?» ሳይል ይሞታል። ይነሳል፤ ይሞታል። ትንሽ ከሞከረ በኋላ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ኳስ ሊያይ ይሄዳል። የጨዋታው ባለቤቶች ይህን ሲያዩ አዲሶቹን ያግዙ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ፣ ለኛ ለነባሮቹ የባሰ ከባድ በር ሠሩልን። ደንበኛ የሸሸው ምግብ ቤት ወጡ ላይ ሌላ በርበሬ ሲጨምር አስቡት።

ቀጥለው «በራሱ ይዋጋ» የሚል ቁልፍ አመጡ። ቁልፉን ስትጫኑት ሰውየው ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ይመታል፣ ሲቆስል ራሱ መድኃኒቱን ይጠጣል። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ይህን ያህል ለማየት ብቻ ከሆነማ ጎረቤት ሲጣላ ማየት ይሻለኛል፤ ለሱ ቢያንስ ፓኬጅ አይገዛለትም።

የተረፈውን ሰው ደግሞ ኑሮ ወሰደው። ተመረቀ፣ ተቀጠረ፣ አገባ፣ ወለደ። አለቃችን የነበረው ልጅ ይርጋጨፌ ሥራ አገኘና አለቅነቱን እኔ ላይ ጥሎ ጠፋ። ለምን እኔ ላይ? እምቢ ማለት እንደማልችል ያውቅ ነበራ!

በመጨረሻ አራት ቀረን። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላው ትልቁ በር የሚከፈተው ደግሞ ቢያንስ ለአራት ሰው ነው። አንዱ ከቀረ ሦስቱ ደጅ ይቆማሉ። ስለዚህ እያንዳንዳችን የሌሎቻችን እስረኛ ሆንን።

እስረኞቹን ላስተዋውቃችሁ። ሃና የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ አሁን ጨለለቅቱ አንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ትሠራለች። ታሪኩ የወናጎ ልጅ፣ መምህር፣ በጨዋታው ደግሞ ሐኪማችን ነው፤ በአካል ተያይተን አናውቅም። ሌላኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ የሰፈራችን ሰው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ለሥራ ሲሄድ እንዳይደብራቸው ብሎ ጨዋታውን ስልካቸው ላይ ጭኖላቸው ሄደ። ሥራቸው ጋሻ ይዞ ከፊት መቆም ነው። ውጊያው በተፋፋመበት ሰዓት ከጋሽ ደምሴ መልእክት ይመጣል፦ «ውድ አለቃችን፣ እንደምን ዋልሽ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ጭራቁ ከኋላሽ ነው።» እስኪደርሰኝ ድረስ ሞቻለሁ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንንም ሳላስቀይም ከዚህ ጨዋታ መውጣት። ዩኒቨርሲቲው ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የቅዳሜ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ልመዘገብ ነው» እያልኩ በቅዳሜው በር ምክንያት ቀረሁ። እናቴ «ለምን አልተመዘገብሽም?» ስትለኝ «ሥራ በዝቶብኝ» እላታለሁ። «ጭራቅ ይዞኝ» አይባል ነገር! ዘንድሮም ምዝገባው ሊዘጋ ነው። ግን ጋሽ ደምሴን ምን ልበላቸው? ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እኔ ከቀረሁ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ቅዳሜያቸውን ምን ያደርጉታል? ይሉኝታ ጠፍሮ ያዘኝ።

እንዲህ እያለሁ ታሪኩ አንድ ቅዳሜ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። «ኔትወርክ የለም» የሚል አጭር መልእክት ብቻ ላከልን።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ጨዋታው በሌላ ሰው እጅ ሊሞትልኝ ነው! እኔ ከንፈሬን መጥጬ፣ አዝኜ፣ ሰኞ ጠዋት እመዘገባለሁ። ፋርማሲው ውስጥ የሳል ሽሮፕ እየደረደርኩ በልቤ እልል ስል፣ ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

«አለቃ!» አሉኝ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ። «ሐኪማችን ጠፋ እኮ!»

ሕፃን ያዘለች እናት ደነገጠች። «የትኛው ሐኪም ነው አባቴ? የጤና ጣቢያው?»

«የለም ልጄ፣ የኛው ነው» ብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «ልጁ አኩርፏል። ባለፈው ‘ተኝተሃል እንዴ’ ብለሽ ተቆጥተሽዋል።»

«እኔ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እቴጌዋ። ለማንኛውም ዝም ብለን አናየውም። አቶ ዱካሌን አነጋግሬያለሁ፤ ወናጎ ሄደን እናስታርቃችኋለን።»

አቶ ዱካሌ ማለት ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የእንሰት ድንበር ሲገፋ፣ ወንድማማቾች በቡና መሬት ሲካሰሱ የሚጠሩ የጌዴኦ ሽማግሌ ናቸው። በሽማግሌዎች ጉባኤ፣ በሶንጎው ላይ፣ እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ዝም ይላል። እኚህን ሰው ለጨዋታ ልናስነሳቸው ነው! «አይሆንም» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አፌ ሲከፈት ግን የወጣው «መቼ?» የሚል ሆነ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። አቶ ዱካሌ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀመጡ። ጋሽ ደምሴ ጉዳዩን ያስረዷቸዋል።

«እዚህ ነገር ውስጥ» አሉ አቶ ዱካሌ፣ «ሰይጣን አለ ወይ?»

«አለ። እንገድለዋለን።»

«እንግዲያ ደግ ነው» አሉ አቶ ዱካሌ። «ደመወዝስ አለው?»

«የለውም።»

«መሬት?»

«ቤተ መንግሥት አለን። ግን ልንገባበት እንጂ ልንሸጠው አንችልም።»

«እና ደመወዝ ከሌለው፣ መሬት ከሌለው፣ በምን ተጣሉ?»

ጋሽ ደምሴ ወደኔ አዩ። እኔ በመስኮት ወደ ቡናው አየሁ።

የነታሪኩ ቤት ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ነው። እናቱ እትዬ አስቴር በረንዳው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ቀና ሲሉ የታያቸውን አስቡት። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ባለ ከዘራ፣ በመካከላቸው አንገቷን የደፋች ልጅ። እኔ አንገቴን የደፋሁት ሁልጊዜም ስለምደፋ ነው፤ እሳቸው ግን ይህን በምን ይወቁት? ጎመኑ ከእጃቸው ወደቀ።

«ታሪኩ!» ብለው ወደ ውስጥ ጮኹ። «አንተ ታሪኩ! ምን ሠርተህ ነው? ና ውጣ!»

ከዚያ ሆዴን አዩት። ምሳ ጠግቤ በልቼ ነበር፤ አልጠቀመኝም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ አባቶቼ» አሉ በሐዘን ድምፅ። ለኔ ለብቻዬ ትራስ ያለበት ወንበር አመጡልኝ። «አንቺ እዚህ ነው የምትቀመጪው። ስንት ወር ሆነሽ የኔ ልጅ?»

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ነገሩን የያዙት አቶ ዱካሌ ናቸው።

«የለም እመቤት፣ እንዲያ አይደለም። ልጅሽ ከነዚህ ሰዎች ጋር ሆኖ ሰይጣን ይገድል ነበር። አሁን ተወ። ለዚያ ነው የመጣነው።»

እትዬ አስቴር ቁጭ አሉ። «ሰይጣን? የኔ ልጅ? ቸርች ውስጥ መዝሙር እንኳ ከኋላ ወንበር ነው የሚዘምረው!»

በዚህ መሐል ታሪኩ ወጣ። ጢሙን እየተላጨ ኖሮ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው። ጋሽ ደምሴ ቆመው «ይኸው፣ አለቃችን ራሷ መጥታልሃለች» አሉት። ታሪኩ እኔን አየኝና ከኋላዬ ደግሞ ሌላ ሰው ፈለገ።

«እቴጌ ነጎድጓድ የት አለች?»

«ይቺው ናት እኮ!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ይቺ?» አለ። ሳሙናው አገጩ ላይ ተንጠባጠበ። «እኔ እኮ… እንዲህ ትልቅ፣ ደርባባ ሴትዮ ነበር የምትመስለኝ።»

አቶ ዱካሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። ሽምግልናው ተቀመጠ ማለት ነው። ሥርዓታቸው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የሆዱን ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጠውም፣ ማንም ሳይናገር አይነሳም። እንግዲህ «ማንም» ውስጥ እኔም አለሁበት።

«አንተ ጀምር። ለምን ተውክ?»

«አልተውኩም አባባ፣ ኔትወርክ…»

«ኔትወርክን አናስታርቅም። ያንተን ንገረን።»

ታሪኩ ሳሙናውን በእጁ ጠረገ። «እውነቱን ልናገር? ሰለቸኝ። ከሰለቸኝ ቆየ። ቅዳሜ ስልኩን ‘በራሱ ይዋጋ’ ላይ አደርግና መስኮት ላይ አቁሜው የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ስልኬ ዘጋ። በጣም ደስ አለኝ። መብራቱ ሲመጣም አላበራሁትም።»

«ታዲያ ለምን ቀድመህ አልወጣህም?»

«አለቃ ትቆጣለች ብዬ ነዋ! ለሷ ጨዋታው ሕይወቷ መሰለኝ። እንዴት እንደምትጮህ አላያችሁም?»

እትዬ አስቴር ወደኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጎመኑ ዞርኩ።

ተራው የጋሽ ደምሴ ሆነ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩ።

«እኔም ‘በራሱ’ ላይ ነው የማደርገው» አሉ። «ዓይኔን ያመኛል።»

ይህን ጊዜ ሳላስበው ተናገርኩ። «ጋሼ፣ መልእክቶቹስ? ‘ጭራቁ ከኋላሽ ነው’ የሚለው?»

«እሱንማ ጠዋት ጽፌ አስቀምጠዋለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ መላክ ብቻ ነው። ጭራቅ መቼም ከኋላ መምጣቱ አይቀርም።»

ታሪኩ ሳቁን በፎጣው አፈነው። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም።

«ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ዳማ ይጫወታሉ። በየጊዜው ይጠሩኛል፤ እቀራለሁ። የምቀረው በዚች ልጅ ምክንያት ነው። ዕድሜዬን ሳስተምር እንደሷ ያሉ ተማሪዎች ብዙ አይቻለሁ። መልሱን ያውቁታል፣ እጃቸውን አያወጡም። ይቺ ልጅ እዚህ አጠገባችሁ ስትቀመጥ መተንፈሷ እንኳ አይሰማም። እዚያ ግን ታዝዛለች፣ ትቆጣለች። አፏ የተፈታበት ቦታ ያ ብቻ ከሆነ እኔ እንዴት ልዝጋባት? ዓይኔ ይመመኝ አልኩ።»

ለሳቸው ብዬ እኔ፣ ለኔ ብለው እሳቸው፣ ሁለታችንም የማንፈልገውን በር በየቅዳሜው ስናስከፍት ኖረናል!

«አሁን አንቺ» አሉ አቶ ዱካሌ።

«እኔም…»

«አልሰማሁም። ጆሮዬ ደክሟል።»

«እኔም እንደነሱ…»

«ልጄ፣ ወናጎ ድረስ አምጥታችሁኝ በሹክሹክታ አላስታርቅም።»

ያኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ። «ሰልችቶኛል!» አልኩ። በረንዳው ሥር የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ ከሰለቸኝ! ስልኬን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፌው ልብስ አጥባለሁ! መማር ነው የምፈልገው! ቅዳሜ፣ ማስተርስ! ምዝገባው ሊዘጋ ነው! ጋሼ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው እንጂ እኔ ጭራቅ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሽ ደምሴ በመጀመሪያ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ እስኪያስነባቸው ሳቁ። ታሪኩም ፎጣውን ጣለው። እትዬ አስቴር ነገሩ ባይገባቸውም እርግዝና አለመሆኑ ስለገባቸው ከሁላችንም በላይ ሳቁ።

ሃና ቀርታ ነበርና ደወልንላት። ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አደረግነው። ከኋላዋ የማጠቢያው ውኃና ማሽን ይጮኻል።

«ሃኒ፣ እንዳይከፋሽ» አልኳት። «ጨዋታውን ልንተወው ነው።»

ከማሽኑ ራቅ ስትል ሰማኋት። የከፋት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«በእግዚአብሔር በይ?» አለች። «ተመስገን! ስሚ፣ እኔ እኮ አሁን ሥራችን በዝቶ ስልኩን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ነው ትቼው የምወጣው። በራሱ ይዋጋል። ለናንተ ብዬ ነው ያልዘጋሁት!»

አቶ ዱካሌ በተራ አዩን። «ቆይ እስኪ። አንተም አልነበርክም፣ እሳቸውም አልነበሩም፣ አንቺም አልነበርሽም፣ ያቺም የለችም። ታዲያ ማን ነበር የሚጫወተው?»

እኔ ያን በረሃ የሆነ ከተማ አሰብኩ። አልፎ አልፎ በገበያው ውስጥ የሚያልፉትን፣ ሰላም ስላቸው የማይመልሱልኝን ጥቂት ጦረኞች። ለካ እነሱም የሆነ ሰው ስልክ ናቸው፤ የሆነ ቦታ፣ የሆነ መስኮት ላይ የተደገፈ። ባለቤቱ ደግሞ ልብስ ያጥባል፣ ፈተና ያርማል፣ ጓደኞቼ እንዳይከፋቸው እያለ። አንድ ትልቅ ጨዋታ የመጨረሻ ዕድሜውን የሚኖረው በይሉኝታ ነው ብል ባለቤቶቹ የሚያምኑኝ አይመስለኝም። ይሉኝታን በምን ይለኩታል?

«ይህን ያህል ዘመን አስታርቄያለሁ» አሉ አቶ ዱካሌ፣ በእውነት ቅር ብሏቸው። «ያልተጣላ ሰው ሰብስቦ ያስቀመጠኝ ግን የለም። አሁን ማንን ይቅር በል ልበል?» ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «በሉ ቁሙ፤ በሰላም ላሰናብታችሁ።»

ቆምን፣ ዓይናችንን ጨፈንን። ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ስለ ታሪኩ ተማሪዎች፣ ስለ ጋሽ ደምሴ ዓይን፣ ስለኔ ትምህርት፣ ስለ ሃና ቡና፣ በመጨረሻም በበሩ ውስጥ ስለቀሩት ሰይጣናት፤ እነሱም ባሉበት ታስረው እንዲቀሩ። «አሜን» ያለው ታሪኩ ነው፣ ጮክ ብሎ።

ጋሽ ደምሴ «እንዲያው አንድ ጊዜ ገብተን ቤተ መንግሥታችንን አይተነው እንውጣ» አሉ። እኔም ያ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ግድግዳ ሥር የተደረደርንበት ጊዜ ታወሰኝ። ሦስታችንም ስልካችንን አወጣን። ጨዋታው ሳይከፍትልን አፕዴት አድርጉ አለን፤ አፕዴቱ የሦስታችን ፓኬጅ ቢደመር የማይበቃው ነበር። ተያየን። ታሪኩ መጀመሪያ ጨዋታውን ከስልኩ አጠፋ። ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ። እኔ ላጠፋው ስል ጨዋታው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሴት መሆኔን አላወቀም ነበር።

ቆጮ በጎመን በልተን ተነሳን። ጋሽ ደምሴ መንገድ ሳይጀምሩ ለዳማ ጓደኞቻቸው መደወል ጀመሩ። እትዬ አስቴር እኔን እስከ አጥሩ ሸኙኝ፤ እጄን አልለቀቁም።

«እንግዲህ ጨዋታው ከቀረ ቅዳሜ ነፃ ነሽ ማለት ነው» አሉኝ። «ቅዳሜ ነይልኝ፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ታሪኩም እኮ ቅዳሜ ቤት ነው።» ከኋላችን የታሪኩ ሳል ተሰማ።

ትልቅ ሰው ናቸው። እጄን ይዘዋል። ባለ ትራስ ወንበር ሰጥተውኛል። «እሺ» የሚለው ቃል እንደ ልማዱ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ቅዳሜ አይመቸኝም እትዬ» አልኩ። «ትምህርት አለኝ።»

ብዬ ጠበቅኩ። እንዲያዝኑ፣ እንዲቀየሙ፣ እጄን እንዲለቁ።

«ውይ፣ ትምህርትማ ይቅደም!» አሉና አቮካዶ የሞላ ፌስታል አስታቀፉኝ። «ሲመቸሽ ትመጫለሽ።»

ይኸው ነው። ይህችን «አይመቸኝም» የምትል አንዲት ቃል ፈርቼ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ጭራቅ ስገድል የከረምኩት።